በቤት የሚማር ልጅና ዝም ያለው ሕግ

ብስራተ ገብርኤል አካባቢ፣ ከባሕር ማዶ በተመለሱ ቤተሰቦችና በትምህርት ቤት ክፍያ በተማረሩ ጎረቤቶቼ ዘንድ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል፦ «ልጄን ቤቴ ባስተምር በሕግ እጠየቃለሁን?»

ከቨርጂኒያ ለተመለሰ ወላጅ ጥያቄው እዚያ ሳለ ቁርጥ ያለ መልስ ነበረው። በዚያ በቤት የሚያስተምር ወላጅ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ድረስ ሐሳቡን ለአካባቢው የትምህርት ኃላፊ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ የሚያስተምራቸውን የትምህርት ዓይነቶች ይዘረዝራል፤ በዓመቱም ልጁ መሻሻሉን በማስረጃ ያሳያል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው የትምህርት ቤቶች ሕግ መሠረት በምዝገባ ትፈቅዳለች። ጀርመን ደግሞ በጥቅሉ ትከለክላለች።

የእኛስ? ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የኢኮኖሚያዊ፣ ማኅበራዊና ባህላዊ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 13 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ግዴታ እንዲሆን ያዛል። በዚያው አንቀጽ ወላጆች መንግሥት ካቋቋማቸው ውጭ ያሉ ትምህርት ቤቶችን የመምረጥ ነጻነታቸው እንዲከበር ይደነግጋል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9(4) መሠረትም ቃል ኪዳኑ የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ግዴታ የተባለው «ትምህርት» ነው፤ ነጻነት የተሰጠው ግን «ትምህርት ቤት» ለመምረጥ ነው። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ክፍተት ለጠበቃ ሲሳይ ነው፤ ለወላጅ ግን ገደል።

ክፍተቱን የሚሞላ አሠራርም የለም። ወላጁ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ቢሄድ የሚሞላው ቅጽ አያገኝም። መዘዙ የሚገለጠው ዘግይቶ፣ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ነው። ተፈታኝን የሚያስመዘግበው ትምህርት ቤት ነውና ልጁ እውቀቱን ይዞ ከደጅ ይቀራል።

«ትምህርት ቤት ያልዋለ ልጅ እንዴት ይታመናል?» የሚሉ አሉ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ያየ ሰው፣ ትምህርት ቤት መዋል በራሱ ዋስትና ነው ሊለኝ አይገባም። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉስ ልጆቻችንን በቤት ያስተማርነው ሁላችን አልነበርንምን?

ይህን ስል ግን ወላጅ ያሻውን ያድርግ ማለቴ አይደለም። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሕጉ ዝምታ የሚሸፍነው ሌላው ልጅ ነው። አንዲት እናት ለልጇ መጽሐፍ ገልጣ በምታስተምርበት ግቢ ውስጥ፣ ከገጠር የመጣች የ12 ዓመት ልጅ ሕፃን አዝላ ትውል ይሆናል። በጎረቤት ግቢ ደግሞ አካል ጉዳተኛ ልጅ ከሰው ዓይን ተሰውሮ ጓዳ ውስጥ ይኖር ይሆናል። ሦስቱም በወረዳው ዓይን አንድ ናቸው፤ ትምህርት ቤት ያልተመዘገቡ!

ስለዚህ በቤት የሚያስተምር ወላጅ በወረዳው ይመዝገብ እላለሁ። ልጁ በዓመት አንድ ጊዜ ይመዘን፤ ለከተማ አቀፉ ፈተናም በአቅራቢያው ባለ ትምህርት ቤት ይቀመጥ። መዝገቡ ለጉቦ አዲስ በር ይከፍታል የሚለውን ሥጋት አልንቀውም፤ ቢሮክራሲያችንን የሚያውቅ ማንም አይንቀውም። ነገር ግን መዝገብ ሲኖር የወረዳው ሠራተኛ በሩን አንኳኩቶ «በዚህ ግቢ ስንት ልጆች አሉ? እያንዳንዳቸውስ የት ይማራሉ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ያን ጊዜ የቤቱ ባለቤት ስለ ልጁ ብቻ ሳይሆን ሕፃን አዝላ ስለምትውለዋም መልስ መስጠት ይኖርበታል።