ለሕፃናት የሚዘፈነው እስፓንኛ ከማን አፍ ይምጣ?

ሰሞኑን በግቢያችን ውስጥ የሚገኘው የሕፃናት ማቆያ ለወላጆች አንድ ማስታወቂያ በትኗል። ከመጪው የትምህርት ዘመን ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 3 ዓመት ለሆኑ ልጆች በሳምንት ሁለት ቀን፥ ለግማሽ ግማሽ ሰዓት፥ «እስፓንኛ በጨዋታና በሙዚቃ» የሚባል ትምህርት እንደሚጀመር፥ ለዚህም ወላጆች በየወሩ ተጨማሪ ገንዘብ እንደሚከፍሉ ይገልጻል። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ግን ትምህርቱን የሚሰጠው ሰው አለመሆኑን ይረዳል። አስተማሪው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ስክሪን ነው። ከእኛ መካከል ልጆቻቸውን እዚያ የሚያውሉ አሉ፤ ለትምህርት ክፍያ የምትሆን ገንዘብ ለማግኘት ከቀትር በኋላ እዚያው የምንሠራም አለን። ጉዳዩ ስለሚመለከተን ሐሳባችንን ለተማሪዎችና ለመምህራን በዚህ ጋዜጣ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

አስቀድመን ግን ነገሩ እንዳይምታታ አንድ ቃል እንናገር። ሕፃናቱ እስፓንኛ መማራቸውን አንቃወምም፤ እንዲያውም እስከ ዛሬ መዘግየቱ ይገርመናል። በዚህ በአሜሪካ በቤቱ እስፓንኛ የሚናገረው ሕዝብ ከ40 ሚሊዮን በላይ ነው። እኛ ባለንበት በዋሽንግተን አካባቢም ከኤልሳልቫዶር የመጡት ሰዎች ብዛታቸው የታወቀ ነው፤ ከእኛ ከኢትዮጵያውያኑ ጋር በአንድ ሕንጻ የሚኖሩ፥ በአንድ አውቶቡስ የሚሳፈሩ ጎረቤቶቻችን ናቸው። የከተማው ምክር ቤት በ2004 (ዓመቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ የማይችለውን ሰው በቋንቋው እንዲያስተናግዱ የሚያዝ ሕግ ካወጣ ወዲህ፥ እስፓንኛና አማርኛ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ጎን ለጎን ተሰልፈው ይታያሉ። ጎረቤትህን በቋንቋው ሰላም ማለት መቸም ለማንም ልጅ የሚጠላ ነገር አይደለም።

ቅሬታችን ሌላ ነው። በዚያው ማቆያ ውስጥ ክፍሉን የሚያጸዱት፥ ወተቱን የሚያሞቁት፥ አልጋውን የሚያነጥፉት ሦስት እናቶች የኤልሳልቫዶር ተወላጆች ናቸው። ከሦስቱ ታላቂቱን እኛ የአበሻ ልጆች «እትዬ» ብለን እንጠራቸዋለን፤ እሳቸውም ትርጉሙን ጠይቀው ከተረዱ ወዲህ ይወዱታል። እኒህ እናቶች ዘፈኑንም፥ ጨዋታውንም፥ ማባበያውንም ከእናቶቻቸው ጉልበት ላይ ተምረው ያደጉ ናቸው። ነገር ግን ከልጆቹ ጋር በእስፓንኛ እንዳይነጋገሩ ተነግሯቸዋል። ስለ ምን ቢባል፥ «ልጆቹ ይደናገራሉ» ነው መልሱ። እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ! አንድ ቋንቋ ከሴትዮዋ አፍ በነጻ ሲወጣ የሚያደናግር፥ ከስክሪን በገንዘብ ሲወጣ ግን የሚያስተምር እንዴት ሊሆን ይችላል?

ስለ ሕፃናት ጆሮ የተጻፈውን ያነበበ ሰው ይህ አሠራር የተገላቢጦሽ መሆኑን ይገነዘባል። ጃኔት ዋርከርና ሪቻርድ ቲስ የተባሉ በካናዳ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ1984 ባሳተሙት ጥናት፥ እንግሊዝኛ ብቻ በሚነገርበት ቤት የሚያድጉ ሕፃናት በስድስትና በሰባት ወራቸው የሂንዲን ድምፆች እየለዩ እንደሚሰሙ፥ ዓመት ሊሞላቸው ሲል ግን ይህ ችሎታ እየደከመ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ታዲያ ጆሮው ሳይዘጋ ምን ይደረግ? በሲያትል ባለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ በ2003 ያወጡት ጥናት መልስ የሚሰጥ ይመስለናል። የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን የቻይንኛ ተናጋሪዎች ወለል ላይ ተቀምጠው፥ አሻንጉሊት ይዘውና መጽሐፍ ገልጠው፥ 12 ጊዜ ያህል ለ25 ለ25 ደቂቃ አጫወቷቸው። ሕፃናቱ የቻይንኛውን ድምፅ መለየት ቻሉ። ሌሎች ሕፃናት ደግሞ እነዚያኑ ሰዎች፥ ያንኑ ንግግር፥ በቴሌቪዥን ወይም በድምፅ መቅረጫ ብቻ እንዲከታተሉ ተደረገ። ምንም አልተማሩም። ቃሉ ያው፥ ድምፁም ያው ነበር፤ የጎደለው አብሮ የሚቀመጠው ሰው ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ከእስፓንኛ አገር ከራሱ ከማድሪድ የመጣ ሲሆን፥ በተለይ እኛን ተማሪዎችን ሊያስደስት ይገባል። በ2017 በታተመው በናያ ፈርያን ራሚሬዝና በኩል ጥናት፥ በአራት የመንግሥት የሕፃናት ማዋያዎች ውስጥ ከ7 ወር እስከ 33 ወር ተኩል የሆናቸው 280 ልጆች በቀን አንድ ሰዓት፥ ለ18 ሳምንት፥ እንግሊዝኛን በጨዋታ እንዲለምዱ ተደርጓል። እነሱ እስፓንኛ ይዘው እንግሊዝኛን ፈለጉ፤ የእኛዎቹ ደግሞ እንግሊዝኛ ይዘው እስፓንኛን ይፈልጋሉ፤ መንገዱ አንድ ነው። አጫዋቾቹ እነማን ነበሩ? ፕሮፌሰሮች አልነበሩም። የሁለት ሳምንት ሥልጠና የተሰጣቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና በቅርቡ የተመረቁ ወጣቶች ነበሩ። በ18 ሳምንቱ መጨረሻ በዚህ ጨዋታ ውስጥ የነበረ አንድ ልጅ በሰዓት በአማካይ 74 የእንግሊዝኛ ቃልና ሐረግ ከአፉ ሲያወጣ፥ የተለመደውን ትምህርት ሲከታተል የቆየው 13 ብቻ አውጥቷል። ልብ እንበል፤ ይህ የሆነው በየቀኑ አንድ ሰዓት በተደረገ ጨዋታ እንጂ በሳምንት ሁለት ጊዜ በግማሽ ሰዓት አይደለም።

ስለ ጨዋታውና ስለ ዘፈኑ ደግሞ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ዘፈን ማለት ልጅ ዝም ማሰኛ ብቻ ይመስለዋልና። ድክ ድክ የሚል ሕፃን ቃል የሚይዘው ትርጉሙ ስለተነገረው አይደለም። ቃሉ ከአንድ ድርጊት ጋር ተጣብቆ፥ በዚያው ዜማ፥ በዚያው ቦታ ሲመላለስበት ነው። እስፓንኛ ተናጋሪዎች ልጁን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው መዳፉን እያጨበጨቡ ቂጣ እንደሚጠፈጥፉ የሚያስመስሉበት ዘፈን አላቸው፤ እትዬ የአገራቸውን ፑፑሳ ሲጋግሩ እጃቸው የሚሠራውን ያየ ሰው ያ ዘፈን ከየት እንደመጣ መጠየቅ አያሻውም። ዝሆኖች በሸረሪት ድር ላይ አንድ በአንድ እየተጨመሩ የሚወዛወዙበትም አለ፤ ልጁ እየሳቀ ቁጥር ይማራል። ጫጩቶች ራባቸውና በረዳቸው ጊዜ የሚያለቅሱበት፥ ዶሮዋም ክንፏን የምትዘረጋበት አለ። ልጅ ወድቆ ሲያለቅስ ያመመውን ቦታ እያሹ የሚሉት አጭር ግጥም እንኳ አላቸው፤ በእኛ አገር መሬቱን መትቶ «መታሁልህ» እያሉ እንደሚያባብሉት ማለት ነው። አሁን ይህን የመጨረሻውን ስክሪን እንዴት አድርጎ ያስተምረዋል? ልጁ መቼ እንደሚወድቅ አያውቅ! የሚያሽበት እጅም የለው።

በዚህ ላይ ዜማው ራሱ ጆሮን ያሠለጥናል። ክርስቲና ዣኦና ኩል በ2016 እንዳሳዩት፥ የዘጠኝ ወር ሕፃናት የቫልስን ምት እየተከተሉ 12 ጊዜ በሙዚቃ ከተጫወቱ በኋላ በሙዚቃ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በንግግርም ውስጥ ያለውን የምት አካሄድ ካልተጫወቱት በተሻለ ተከታትለዋል። የእስፓንኛ አናባቢዎች አምስት ብቻ ናቸው፤ ቃሉም ክፍል በክፍል ጥርት ብሎ ስለሚነገር ለማጨብጨብ የተመቸ ነው። አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ ቢባል «ር» ላልቶና ጠብቆ የሚለየው ትርጉም ነው፤ «ፔሮ» ሲላላ «ግን» ማለት ሲሆን፥ ሲጠብቅ «ውሻ» ይሆናል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚሰማው ልጅ በዚህ ይቸገራል። አማርኛ በቤቱ የሚሰማው ግን «በረረ» በምትለው በአንዲት ቃል ውስጥ ጠባቂውንም ላላውንም «ር» ይዞ ስለሚያድግ ግማሹን መንገድ ሳይሄድ ደርሷል ማለት ይቻላል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን እንደማያሳይ ሁሉ፥ «ዋና» እና «ዋና»ን፥ «አለ» እና «አለ»ን የለየነው ከሰው አፍ ሰምተን ነው።

እስፓንኛ ለልጆች የሚዘፈን የሌለው ቋንቋ ነው የሚል ካለም፥ ለኖቤል ሽልማት በ1945 የበቃችው የቺሊዋ መምህርት ጋብሪየላ ሚስትራል በ1924 «ቴርኑራ» የተባለ የሕፃናት ግጥም መድበል ማሳተሟን፥ በሜክሲኮም ፍራንሲስኮ ጋቢሎንዶ ሶለር «ክሪ ክሪ» በሚል ስም ከ1934 ጀምሮ በራዲዮ ለልጆች መዝፈኑን ይወቅ።

ወደ «መደናገሩ» እንመለስ። ባርባራ ፒርሰንና ባልደረቦቿ በማያሚ እስፓንኛና እንግሊዝኛ አብረው የሚማሩ 25 ሕፃናትን ተከታትለው በ1993 ባወጡት ጽሑፍ፥ የሁለቱ ቋንቋ ቃላቸው ተደምሮ ሲቆጠር በአንድ ቋንቋ ከሚያድጉት ወደኋላ አለመቅረታቸውን ገልጸዋል። ልጁ ሁለቱን ቋንቋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢቀላቅል ያለውን ሁሉ መጠቀሙ ነው፤ እኛስ በካፌው ውስጥ ስንጨዋወት አማርኛውን ከእንግሊዝኛው እየቀላቀልን አይደለም እንዴ? በሌላ በኩል ግን ማስታወቂያው «ሁለት ቋንቋ ልጅዎን የበለጠ ብልህ ያደርገዋል» ማለቱን አንቀበልም። በዚህ ነገር ላይ ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ። ቋንቋ እንደ ቫይታሚን ለወላጅ የሚሸጥ ነገር ባይሆን ደስ ይለናል።

እነዚያን እናቶች ዝም ማሰኘት የቆየ ታሪክ እንዳለውም አስተዳደሩ ቢያውቅ መልካም ነው። በቴክሳስ፥ ማርፋ በምትባል ከተማ፥ የሜክሲኮ ተወላጆች ልጆች ለብቻቸው የሚማሩበት ብላክዌል የተባለ ትምህርት ቤት ነበረ። በ1954 ልጆቹ ወረቀት በሣጥን ውስጥ ከትተው «አቶ እስፓንኛ»ን ሰንደቅ ዓላማው አጠገብ እንዲቀብሩ ተደረገ። እውነተኛ ቀብር እንዲመስል! ትምህርት ቤቱ በ1965 ተዘጋ፤ ያ ቦታ ዛሬ እንዳይረሳ ተብሎ በ2022 በወጣ ሕግ ብሔራዊ የታሪክ ቦታ ሆኗል። በካሊፎርኒያም በ1998 በሕዝብ ድምፅ የሁለት ቋንቋ ትምህርት ተገድቦ፥ በ2016 በሕዝብ ድምፅ ተመልሷል። እንግዲህ አያትየው ስለተናገረው የተቀጣበት ቋንቋ ዛሬ ለሌላው ሰው የልጅ ልጅ በወር ክፍያ ይቀርባል። የራሷ የባለቋንቋዋ ልጅ ግን እዚያው ማቆያ ገብቶ በዓመቱ እንግሊዝኛ ብቻ እየተናገረ ይወጣል። ይህ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ከመካከላችን ልጁ «እማዬ» ማለት ትቶ የሄደበት ወላጅ ስንት ነው?

አንዳንድ ወንድሞቻችን «መጀመሪያ አማርኛቸውን ይወቁ፤ እስፓንኛው ይቆይ» ይላሉ። ሥጋታቸው ይገባናል፤ ነገር ግን አማርኛን ከልጆቻችን አፍ የነጠቀው እስፓንኛ አይደለም። ለእስፓንኛዋ እናት የተከፈተው በር ለእኛም እናት እንደሚከፈት እናምናለን፤ እሹሩሩም እዚያ ክፍል ውስጥ ቢሰማ ማንንም አይጎዳም። «ሴቶቹ የመምህርነት ምስክር ወረቀት የላቸውም» ለሚሉት ደግሞ፥ ስክሪኑስ ከየት አግኝቶ ነው ብለን እንጠይቃለን። ደግሞም እናቶቹ ያለ ሥልጠና ይግቡ አላልንም፤ በማድሪድ የሁለት ሳምንት ሥልጠና በቂ ሆኖ ከተገኘ በእኛም የትምህርት ፋኩልቲ ውስጥ ይህን በደስታ የሚሰጡ መምህራን አይጠፉም። አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ፤ ጽዳቱን ሠርተው በላዩ ላይ ዘፈኑን በነጻ ይጨምሩ ማለታችን አይደለም። በሰዓቱ አስተማሪ ናቸውና የአስተማሪ ደመወዝ ይገባቸዋል። ለስክሪኑ የታሰበው የወላጆች ገንዘብ ለዚህ ይዋል።

ስለዚህ ማኅበራችን ለማቆያው አስተዳደር የሚያቀርበው ጥያቄ አጭር ነው፦ በእስፓንኛ መናገርን የሚከለክለው ትእዛዝ ይነሣ፤ ስክሪኑ አይገዛ፤ ሦስቱ እናቶች ፈቃዳቸው ከሆነ በየቀኑ አንድ ሰዓት በልጆቹ ክፍል ውስጥ በደመወዝ ያጫውቱ፤ ከእኛም እስፓንኛ የሚችሉ ተማሪዎች በረዳትነት ይግቡ። እትዬን ጠይቀናቸው ጊታር ይኖር እንደሆነ ነው መልሰው የጠየቁን። ጊታር ያለው ተማሪ ስሙን ይስጥ። የፊርማው ወረቀት እስከ ዓርብ ማታ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ይቆያል፤ መምህራንም ቢፈርሙበት ደስ ይለናል።