የሚኒሶታው የቤት ድጋፍ ሲዘጋ ማን ተጎዳ?

የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን ቤት እንዲያገኙ የሚረዳውን የሜዲኬይድ አገልግሎት በ2020 እ.ኤ.አ. ስትጀምር፣ ወጪው በዓመት 2.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይሆናል ተብሎ ነበር። በ2024 የተከፈለው ግን ከ100 ሚሊዮን ዶላር በልጧል። በሴፕቴምበር 2025 የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ስምንት ሰዎችን ከሰሰ፤ በቀጣዩ ወር መጨረሻ አገልግሎቱ ጭራሹን ተዘጋ።

እኛን የሚገርመን ወጪው ከግምቱ አርባ እጥፍ ገደማ እስኪደርስ ቁጥጥሩ መዘግየቱ ነው። አገልግሎት ሰጪ ሆኖ ለመመዝገብ መስፈርቱ ላላ ያለ ነበር፤ ክፍያው ቀድሞ ይለቀቃል፣ ማጣራቱ በኋላ ይመጣል። በ2025 ደግሞ በ14 አገልግሎቶች ላይ ክፍያ ከመለቀቁ በፊት እንዲጣራ ታዘዘ፤ ይህም እስከ 90 ቀን ሊወስድ እንደሚችል ተገልጾ ነበር። ሐቀኛው አነስተኛ ድርጅት የሦስት ወር ደመወዝ ከየት ያመጣል?

በዚያ የሚኖሩ የሶማሌና የኦሮሞ ሙስሊም ወንድም እህቶቻችን በጥቂቶች ጥፋት በጅምላ ሌባ ሲባሉ እንቃወማለን። «የእኛ ሰው ነው» ብሎ መሸፈንንም እንዲሁ፤ ገንዘቡ የደካሞች አማና ነውና። ምንም ያላጠፉት አካል ጉዳተኞች ግን ቤት ፍለጋቸው መሃል መንገድ ላይ ቀርቷል።