እንግዳ ሲመጣ መንገዱ የማን ነው?

አንድ ከተማ ኦሊምፒክ ወይም የዓለም ዋንጫ ሊያስተናግድ ሽር ጉድ ሲል የሁላችንም ዓይን የሚያርፈው ስታዲየሙ ላይ ነው። ስታዲየም ግን ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገነባዋል። የአስተዳዳሪዎች ማንነት የሚለየው በመንገዱ ነው፤ ማን ያልፋል? ማን ይቆማል? ከጎዳናው ላይ እንጀራውን የሚለቅመውስ ምን ይሆናል? ከዋሽንግተን እስከ ሲያትል፣ ከአትላንታ እስከ ዳላስ ቀኑን በታክሲ መሪ ላይ የሚያሳልፈው ወገናችን ቁጥር ቀላል አይደለምና ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የ1996ቱን የአትላንታ ኦሊምፒክ እኛ የምናስታውሰው በፋጡማ ሮባና በኃይሌ ገብረሥላሴ ወርቅ ነው። የትራንስፖርት ባለሙያዎች የሚያስታውሱት ግን በጠፉ አውቶቡሶች ነው። አዘጋጆቹ ከሌሎች የአሜሪካ ግዛቶች ሹፌሮችን ሰብስበው አመጡ፤ ብዙዎቹ የከተማዋን መንገድ አያውቁም ነበር። አትሌቶች ከሰዓታቸው ዘገዩ፤ ጋዜጠኞች መንገድ ላይ ቀሩ። በአንጻሩ ማርታ የተባለው የከተማዋ የራሷ ባቡርና አውቶቡስ 24 ሰዓት እየሠራ እጅግ ብዙ ሕዝብ አመላለሰ። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይሏል ይህ ነው።

ለንደን በ2012 የተሻለ ተዘጋጅታ ጠበቀች። ትኬት የገዛ ተመልካች የዕለቱ የሕዝብ ትራንስፖርት መሳፈሪያ በነጻ ተሰጠው። ነገር ግን 109 ማይል ያህል መንገድ የኦሊምፒክ መስመር ተብሎ ተሰየመና ከዚህ ውስጥ 30 ማይል ያህሉ ለአትሌቶች፣ ለባለሥልጣናትና ለስፖንሰር እንግዶች ተከለለ። ዓመቱን ሙሉ ከተማዋን የሚያገለግሉት ጥቁር ታክሲዎች ከዚያ መስመር ታገዱ። ሹፌሮቹ በጁላይ ወር አደባባይ ወጥተው ጮኹ። ጩኸታቸው የቅንጦት አልነበረም፤ «ለሁለት ሳምንት እንግዳ ተብሎ የዓመት ባለቤት ለምን ይገፋል?» የሚል ነበር።

የእኛን አገር ይበልጥ የሚመስለው ግን የጆሃንስበርግ ታሪክ ነው። ደቡብ አፍሪካ ለ2010 የዓለም ዋንጫ ስትዘጋጅ ከሶዌቶ ወደ መሐል ከተማ ሬያ ቫያ የተባለ የራሱ መስመር ያለው የአውቶቡስ አገልግሎት ዘረጋች። በዚያ መስመር ይሠሩ የነበሩት የሚኒባስ ታክሲ ባለንብረቶች «ጉሮሯችን ሊዘጋ ነው» ብለው ተነሡ፤ ሥራ አቆሙ። አገልግሎቱ በኦገስት 30 ቀን 2009 በተጀመረ በቀናት ውስጥ አውቶቡስ ላይ ጥይት ተተኩሶ ሰው ቆሰለ። የመንግሥት አንዱ ምርጫ ወታደር አሰልፎ ዋንጫውን ማሳለፍ ነበር። የከተማው አስተዳደር ግን አውቶቡሶቹን ሳያቆም ድርድሩን ቀጠለ። የዓለም ዋንጫው አልፎ እንኳ ውይይቱ አልተቋረጠም። በፌብሩዋሪ 2011 አገልግሎቱን የሚያካሂደውን ኩባንያ እነዚያው የታክሲ ባለንብረቶች ተረከቡት፤ 585 ሚኒባሶችም ከመስመሩ ወጡ። ሁሉ ነገር ተስተካከለ ማለታችን አይደለም፤ ከዚያ በኋላም የሹፌሮች አድማ ነበር። ሆኖም ትናንት የአውቶቡሱ ጠላት የነበረው ሰው ዛሬ ባለድርሻ ሆነ።

ወደ አገራችን ስንመለስ የምናውቀው ሌላ ነው። በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነት ባገለገልንባቸው ዓመታት «የሚዘጉ መንገዶች» የሚል ማስታወቂያ በየጊዜው ይደርሰን ነበር። የመንገዱ ስም አለ፤ ሰዓቱ አለ፤ «ኅብረተሰቡ እንዲተባበር» የሚል ማሳሰቢያም አለ። ታክሲው በየት ዞሮ ይሂድ፣ ነፍሰ ጡሯ ሆስፒታል በምን ትድረስ፣ የዕለት ገቢውን ያጣው ሹፌር ማንን ይጠይቅ የሚል አንድ መስመር ግን አልነበረበትም። በዚህ አሠራር ሕዝቡ መንገድ ላይ እንደቆመ ዕቃ ነው፤ ይነሣ ሲባል ይነሣል።

ዕቃ ግን አይናገርም፤ ሰው ይናገራል። በፌብሩዋሪ 2016 የአዲስ አበባ ታክሲ ሹፌሮች አዲሱን የትራፊክ ቅጣት ደንብ ተቃውመው ሥራ ሲያቆሙ ከተማው በእግሩ ሄደ፤ መንግሥትም የደንቡን ተፈጻሚነት ለሦስት ወር ገፋው። ለሦስት ወር ማራዘም የሚቻል ከሆነ ደንቡ ከመውጣቱ በፊት ለሦስት ቀን ማነጋገር እንዴት አልተቻለም?

የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ለሩጫም ይሁን ለኳስ፣ ለጉባዔም ይሁን ለበዓል መንገድ የሚዘጋ አካል ዕቅዱን ከመፈረሙ በፊት ሹፌሩን፣ ነጋዴውንና የሰፈሩን ነዋሪ ያነጋግር። ተለዋጭ መንገዱን ከነሰዓቱ አስቀድሞ ይንገር። ለሚታጣው ገቢ መልስ ያዘጋጅ። በስደት ያለነውም በምንኖርበት ከተማ እንዲህ ያለ ዝግጅት ሲመጣ በታክሲ ማኅበሮቻችን አማካይነት ሳንጠራ ገብተን እንጠይቅ፤ ዕቅዱ ከታተመ በኋላ ማማረር ፋይዳ የለውም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

እንግዳ መቀበል ባህላችን ነው። እንግዳ የሚከበረው ግን ቤተኛው ደጅ ወጥቶ እንዲያድር ሲደረግ አይደለም።

ቸር ይግጠመን።