ስሙ ያልተጻፈበት ቢላዋ

አብሮ አደጌ አሜሪካን አገር ምግብ አብሳይ ነው። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት በመጣ ጊዜ ከሻንጣው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣና ቤት ውስጥ የነበርነውን ሁሉ ዝም አሰኘን። ቢላዋ ነው። ኦሳካ አጠገብ ካለችው ከሳካይ ከተማ አዝዞ፣ ስምንት ወር ጠብቆ ያሠራው የጃፓን ቢላዋ! ዋጋውን ሲነግረን እናቱ አማተቡ።

እኔን የገረመኝ ግን ዋጋው ሳይሆን ከዋጋው በፊት የተጠየቃቸው ጥያቄዎች ናቸው። በየትኛው እጅህ ትይዛለህ? የምትቆርጠው ዓሣ ነው ወይስ አትክልት? መዳፍህ ምን ያህል ይሰፋል? የሚስለውስ ማን ነው? ወዳጄ ግራኝ ነው። የጃፓኖች የዓሣ ቢላዋ የሚሳለው በአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ ለቀኝ እጅ የተሠራው በግራኝ እጅ ሲገባ መስመሩን ይስታል። ስለዚህ ስለቱ ተገልብጦ ተሠራለት። ብረቱንም አስመረጡት፤ በሚጠቀለልበት ወረቀት ቀለም "ነጭ" እና "ሰማያዊ" ይሉታል። ነጩ ቶሎ ይሳላል፤ ሰማያዊው ስለቱ ይቆያል። ሁለቱም ካልተወለወሉ ይዝጋሉ። አንዱ ባለሙያ ለስላሳውንና ጠንካራውን ብረት በእሳት አጣብቆ ይቀጠቅጣል፤ ሌላው ስለት ያወጣል፤ ሦስተኛው እጀታ ይገጥማል። ከእጀታው ከፍ ብሎም የሠሪው ስም ተቀርጿል።

ወዳጄ ይህን ሁሉ አስረድቶን ሲያበቃ በረዥሙ ተነፈሰና "እኛም አገር እንዲህ ያለ ባለሙያ ቢኖር!" አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ይህ ጽሑፍ ለዚያች "ቢኖር" ለምትለው ቃል የተሰጠ መልስ ነው።

እናቴ ዛሬም ሽንኩርት የምትከትፍበት ቢላዋ ሲሠራ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የመኪና ባሌስትራ ቁራጭ ይዛ፣ እኔን በነጠላዋ ከልላ ወደ ቀጥቃጩ ሄደች። ሰውዬው "ለሥጋ ነው ለሽንኩርት?" ሲል ጠየቃት። እንጨት አስጨብጦ እጇን አየ። ወናፉን እየነፋ ብረቱን አግሎ ቀጠቀጠው፤ ውሃ ውስጥ ነከረው። እጀታውን ከገጠመም በኋላ አስይዟት፣ አልተመቻትም መሰለው፣ ሁለት ጊዜ መልሶ ላገው። ለመሆኑ ይህ ከሳካዩ ሰውዬ ሥራ በምን ያንሳል?

እኛ ግን ደጁ ላይ እንደ ቆምን ከፍለን ተመለስን። ሚስቱ ያቀረበችልንን ውሃ አልጠጣንም። አንገቴ ላይ ክታብ ነበር። መንገድ ላይ እናቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ዐይኑን አላየኸውም አይደል?"

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። እኛ ግን ከመዳብም አሳንሰን ቡዳ አልነው!

ጃፓንን ማድነቅ የጀመርነው ዛሬ አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችን አርአያው የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. አገሪቱን ጎብኝተው "ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን" የተሰኘ መጽሐፍ አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ "ጃፓን እንዴት ሠለጠነች?" ብለን ስንጠይቅ ኖረናል። ሕጉን አየን፤ ፋብሪካውን አየን። መዶሻ የያዘውን ሰው ግን አላየነውም። በ1876 እ.ኤ.አ. የጃፓን መንግሥት ሰይፍ ታጥቆ መሄድን ሲከለክል ሰይፍ ሠሪዎች እንጀራቸው ተቋረጠ። ብዙዎቹ ፊታቸውን ወደ ወጥ ቤት ቢላዋና ወደ መሣሪያ ሥራ መለሱ። ሙያው ሳይዋረድ ዕቃው ብቻ ተለወጠ። በ1955 እ.ኤ.አ. ደግሞ ታካሃሺ ሳዳትሱጉ የተባሉት ሰይፍ ሠሪ ሕዝቡ "ሰው የሆነ የአገር ሀብት" የሚለውን ማዕረግ አገኙ። አዎን፣ ቀጥቃጭ!

ጃፓን ከኃጢአት ንጹሕ ናት እያልኩ አይደለም። እዚያም ቆዳ ፋቂው እንደ ርኩስ ይታይ ነበር፤ በ1871 እ.ኤ.አ. በዐዋጅ ነፃ ቢወጣም ንቀቱ በዐዋጅ አልጠፋም። እኛም ይህን እናውቀዋለን። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው። ዐዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ስድቡ ግን አሁንም አለ።

"ኧረ ይህ ድሮ ቀረ!" የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እስቲ ልጠይቀው፦ ልጅህን ለቀጥቃጭ ልጅ ትድራለህ? ሌላው ደግሞ "ከውጭ የሚገባው ቢላዋ ርካሽ ነው፤ በእጅ የተሠራ ለምን ያስፈልገናል?" ይለኛል። ርካሹን ይግዛ፤ አልከለክለውም። ነገር ግን የጃፓኑን ባለሙያ እያደነቀ የራሱን የሚሸሽ ሰው ስለ ርካሽነት ባያወራ ይሻለዋል።

የምጠይቀው ምጽዋት አይደለም፤ በበዓል ቀን "የእጅ ባለሙያ" እያልን የምናጨበጭበውን ጭብጨባም አይደለም። ሄደን እንዘዝ። የሚገባውን ዋጋ እንክፈል። ቤቱ ገብተን ውሃውን እንጠጣ። በሠራው ብረት ላይም ስሙን ይቅረጽ።

እኔ ለመጀመር ወስኛለሁ። ዛሬ ወናፉ ላይ የተቀመጠው ልጁ ነው። ለእሱ ቢላዋ ላዘው፣ የአባቱንም ስም እንዲቀርጽበት ልጠይቀው ዐሰብኩና እናቴን "ለመሆኑ ስሙ ማን ነበር?" አልኳት።

ጥቂት ዐሰበች። "እኛ እኮ 'ቀጥቃጩ' ነበር የምንለው" አለችኝ።