ከፀበሉ ዳር የቀረው ሰው

የፊታችን እሑድ መፃጉዕ ነው። እኔ ካቶሊክ ነኝ፤ እንጅባራ ያሉት ጎረቤቶቼ ከሞላ ጎደል ሁሉም ኦርቶዶክስ ናቸው፤ እሑዱ ግን የሁላችንም ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ካቶሊክ ሲባል ገናን ታኅሣሥ 16 ቀን ከፈረንጅ ጋር የሚያከብር የሚመስለው ሰው ስለማይጠፋ ነው። በአገራችን በግዕዝ ሥርዓት የምንቀድስ ካቶሊኮች ገናን ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀትን ጥር 11 እናከብራለን፤ ፋሲካችንም ከጎረቤቶቻችን ጋር አንድ ቀን ይውላል። የጾሙ ሕግ በጥብቅነቱ ይለያይ ይሆናል እንጂ፣ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መፃጉዕ እያልን የምንቆጥረው በአንድ አፍ ነው።

ቁጥራችን ትንሽ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ያህል ነበርን። በአዊ ደግሞ ካቶሊክ ነኝ ስትል «ታዲያ የየት አገር ሰው ነህ?» የሚልህ አይታጣም። የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት ራሱ የቅርብ ጊዜ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ከአዲስ አበባ ከፍለው ያቋቋሙት ጥር 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው፤ በጥምቀት ዕለት መሆኑ ነው። ሮም አስባበት ይሁን ገጥሟት አላውቅም፣ እኔ ግን እንደ ምርቃት ቆጥሬዋለሁ። የመጀመሪያው ጳጳስ አቡነ ልሳነ ክርስቶስ ማቴዎስ ናቸው። ከእንጅባራ በቻግኒ አድርገህ ወደ መተከል ቆላ ስትወርድ፣ ግልገል በለስ ላይ የኮምቦኒ ሚሲዮናውያን በጉሙዝ ሕዝብ መካከል ይሠራሉ። ቁምስና የራቀን፣ በየእሑዱ ቅዳሴ የማናገኝ ደግሞ የሳምንቱን ንባብ ቅዳሜ ማታ ቤታችን ቁጭ ብለን እናነባለን።

የዚህ ሳምንት ወንጌል ዮሐንስ ምዕራፍ 5 ነው። ታሪኩን የማያውቅ የለም። በኢየሩሳሌም መጠመቂያ ዳር ድውያን ተኝተዋል፤ ውኃው ሲናወጥ ቀድሞ የገባ ይድናል። አንዱ ሰው 38 ዓመት ታሟል። ጌታ መዳን ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቀዋል። ሰውዬው «አዎ» አይልም። በሽታው ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚያመውም አይዘረዝርም። የሚያወርደው ሰው እንደሌለው፣ እሱ ሲንፏቀቅ ሌላው ቀድሞት እንደሚገባ ብቻ ይናገራል። ስብከቱ ዘወትር የሚሮጠው ወደ ተአምሩ ነው፤ እኔ ግን ሁልጊዜ የምቆመው ይህ መልስ ጋ ነው። እንደ አባባሉ ከሆነ ሠላሳ ስምንቱን ዓመት ያስቆጠረው ከበሽታው ይልቅ ሰው ማጣቱ ነው።

ነገሩ የሆነው ደግሞ በበዓል፣ ያውም በሰንበት ነው። ሰውዬው አልጋውን ተሸክሞ ሲሄድ ያዩት አዋቂዎች መጀመሪያ የጠየቁት እንዴት እንደዳነ ሳይሆን በሰንበት ለምን ሸክም እንደተሸከመ ነው። አንድ ሰው ከ38 ዓመት በኋላ በእግሩ ሲቆም አይተው፣ ዓይናቸው ያረፈው ጫንቃው ላይ ባለው አልጋ ነው። እኛስ? ጎጃም ውስጥ በዓል የሻረን ሰው ለይቶ ለማወቅ ማንም አይቸገርም። ማን በሚካኤል በሬ እንደጠመደ፣ ማን በማርያም እንጨት እንደፈለጠ ሳይመሽ ይሰማል። በዚያው ቀን ማን የሚያበስልለት አጥቶ ጦሙን እንዳደረ ግን እስከ ሳልስቱም ላይሰማ ይችላል።

በላቲን ሥርዓት የሚቀድሱት ወንድሞቻችን ይህንኑ ወንጌል በጾሙ አራተኛ ሳምንት ማክሰኞ ቀን ያነቡታል። የእኛ እሑድ እንዲቀየር አልመኝም፤ ማክሰኞነቱን ግን እወድላቸዋለሁ። ማክሰኞ ቢሮ ይከፈታል፣ ባለጉዳይ ይሰለፋል፣ ነጋዴ ይመዝናል፤ ሰው የሌለው ሰው የሚታየውም ያኔ ነው።  

መጠመቂያው ሩቅ አገር አይደለም። የዓባይ ምንጭ ግሽ ከእንጅባራ ብዙም አይርቅም፤ ፀበሉም ስመ ጥር ነው። አንድ ማለዳ እዚያ ስወርድ ቢጫ ጀሪካን የያዘው ሰው ተሰልፎ፣ አንድ አዛውንት ከዳገቱ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው አገኘሁ። እግራቸው አይታዘዝም። «አባባ፣ ሰው ይጠብቃሉ?» አልኳቸው። ያመጣቸው የእህታቸው ልጅ ድንች የሚያወጣበት ቀን ደርሶበት ተመልሷል። «እሱስ ምን ያድርግ ልጄ፣ ድንቹም ይበሰብሳል» አሉኝ። ቅሬታ የለባቸውም። ጀሪካን ያነገተው ሁሉ በአጠገባቸው ሲያልፍ «እግዜር ይማርዎ» ይላቸዋል፤ ከልቡ ነው የሚለው፤ ብሎም ወደ ውኃው ይወርዳል። እኔና አንድ ወጣት በሁለት ወገን ደግፈን ስናወርዳቸው የፈጀብን አሥር ደቂቃ አይሞላም።

በዚያው ምንጭ ዳር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1618 ከዓፄ ሱስንዮስ ጋር የቆመ አንድ ካቶሊክ ቄስ ነበር፤ ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ። ስለ እሱ ሲወራ የዓባይን ምንጭ አየ የሚለው ይቀድማል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግዕዝና አማርኛ ተምሮ፣ ከሰው ጋር ተግባብቶ፣ ሳይቸኩል መኖሩ ነው። ከእሱ ሞት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን የቸኮለ ሰው ነበር። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይካኑ፣ ቀዳሚት ሰንበት ትቅር፣ በዓላትና አጽዋማት በሮም አቆጣጠር ይሁኑ አለ። የላስታ አገው ተነሣ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1632 ሱስንዮስ የአባቶቹን ሃይማኖት መልሶ መንበሩን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ገበሬ ንጉሥ ሲለወጥበት ይችለዋል፤ የሚጾምበትንና የሚያርፍበትን ቀን ሲነጥቁት ግን ቤቱ ገቡበት ማለት ነው። እኔ ካቶሊክ ሆኜ ሜንዴዝን የምከላከልበት አፍ የለኝም።

ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ ነገሩ ተገለበጠ። የጎጃሙ መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል፣ በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን ያጡ፣ መርጡለ ማርያም የመነኮሱ፣ እውነትን ፍለጋ ከመጽሐፍ መጽሐፍ የዞሩ ሰው ነበሩ። ከካቶሊኩ ሚሲዮናዊ ከአባ ያዕቆብ፣ ማለት ከዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር እስከ ግብፅና ሮም ተጉዘው እ.ኤ.አ. በ1844 ካቶሊክ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1855 ስለ ካቶሊክነታቸው በሰንሰለት እንደታሰሩ ሞቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1926 ብፁዕ ተባሉ። አንዱ ወገን ሌላውን ያሰረበት ታሪክ ይህን ያህል ነው፤ ማን በለጠ እያልኩ መቁጠር አልፈልግም። ዛሬ ማንም ሳያስገድደን አንድ የበዓል ቀን መያዛችን ግን ቀላል ነገር አይመስለኝም። ጎረቤቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ምን እንደተነበበ አውቃለሁ፤ በር ላይ ቆመን ስለዚያው ልናወራ እንችላለን።

አዊ በዓል ማክበር ይችልበታል። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ ያየ ሰው ይህን አይክድም። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶች ያስባል፤ ቀኑም የፈረሰኛው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ነው። ለፈረሱ ኮርቻና ግላስ የሚደረገውን ጥንቃቄ ስመለከት፣ ጊዜም ሰውም ያለን ሕዝብ መሆናችን ይገባኛል። ስለዚህ ሰው የሌለውን ሰው ለመደገፍ «ጊዜ የለም» የሚለው ምክንያት አይዋጥልኝም።

ዕድራችንን ተመልከቱ። ጡሩንባው ሲነፋ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ አግዳሚው ይደረደራል። ካቶሊክ፣ ኦርቶዶክስ፣ እስላም አይባልም። ሟቹ በሕይወት ሳለ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው አጥቶ ሁለት ወር ተኝቶ እንደነበር ግን ድንኳኑ ሥር ተቀምጠን ነው የምንሰማው። ይህን ሳስብ ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ ክፍያ ከመሰብሰባችን በፊት በሰፈሩ የሚያደርሰው ያጣ ሕመምተኛ ካለ ስሙ ይነሣና ተራ እንግባለት አልኩ። የባጃጁን ዋጋ ከሣጥኑ፣ ድካሙን ከእኛ።

ወንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዲት እናት ግን አልተቀበሉኝም። «ልጄ፣ ሐሳቡስ ደግ ነበር። ስሙ በስብሰባ የተነሣ ሰው ማግስቱን የሰፈሩ ወሬ ነው። እኔ ብሆን ከምጠራ ብቀር ይሻለኛል» አሉ። እውነታቸውን ነው። ወንጌሉም ላይ ጌታ ሰውዬውን የጠየቀው ለብቻው ነው እንጂ ለተሰበሰበው አላወጀበትም። መልስ አጥቼ ስቀመጥ እማማ ራሳቸው መፍትሔ አመጡ፦ ችግሩን የሚያውቅ ለዕድሩ ዳኛ ብቻ ይንገር፣ ዳኛውም ሁለት ሰው ብቻ ይላክ፣ መዝገብ አይያዝ። ጸሐፊው ግን ያለ መዝገብ ከሣጥን ብር አይወጣም ብሎ ድርቅ አለ፤ እሱም ደንቡን ይዞ ነው። ነገሩ ለሚቀጥለው ወር ተቀጥሯል፤ እስከዚያ የባጃጁን ዋጋ እኔና ጎረቤቴ ተካፍለን እንይዛለን ብለናል።