ከተጣለ ሬዲዮ የሚወጣ ማግኔት

ቤታችን ጥግ የወደቀ ሬዲዮ አይጠፋም። ቆራሌው ከመውሰዱ በፊት እስቲ ድምፅ ማጉያውን ፈተን እንየው። ከጀርባው እንደ ቀለበት ክብ የሆነ ጥቁር ነገር ተለጥፏል። ሚስማር ብናስጠጋለት ላፍ አድርጎ ይይዘዋል። ማግኔት ነው። በሬዲዮው ውስጥ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር ዘንግም አለ። እሱ ግን ማግኔት አይደለም፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል።

ማግኔት ብረት ይስባል። ናስና መዳብ አይስብም። ልብስ ሰፊ የተበተነ መርፌ ይለቅምበታል። ወፍጮ ቤት ከእህል ጋር የገባ ሚስማር ይያዝበታል። አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ደግሞ «ናስ ነው» የተባለውን ቧንቧ ይፈትንበታል። ከተሳበ ውስጡ ብረት ነው፤ ናሱ ቅብ ብቻ ነው።

ከዚህ በጣም የሚበረታው ከአሮጌ ኮምፒዩተር ይወጣል። ኮምፒዩተሩ ጽሑፍና ፎቶ የሚያኖርበት ሃርድ ዲስክ የሚባል ሳጥን አለው። በውስጡ ጎበጥ ያሉ፣ የሚያብረቀርቁ ትንንሽ ማግኔቶች አሉ። ከኒዮዲሚየም፣ ከብረትና ከቦሮን የተሠሩ ናቸው። ይህን ዓይነት ማግኔት የጃፓንና የአሜሪካ ባለሙያዎች በየፊናቸው በ1976 ዓ.ም. ይፋ አደረጉት።

ትንሽ ነው ብለን አንናቀው። አንዱ ባልደረባችን ሁለቱን ሲያቀራርብ አምልጠውት ጣቱን ቆነጠጡት። ጥፍሩ ደም ቋጠረ። ሲጋጩም እንደ ብርጭቆ ይሰባበራሉ፤ ፍንጣሪው ለዓይን ክፉ ነው። ስለዚህ ከተለጠፉበት ብረት ሳናላቅቃቸው ብናስቀምጣቸው ይሻላል። ማይክሮዌቭ የሚባለውን ምድጃ ግን ለማግኔት ብለን አንፍታው። ከተነቀለም በኋላ ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ሊያስቀር ይችላል።

የባሰው ነገር ሕፃን ሲውጠው ነው። ሁለት ማግኔት የዋጠ ልጅ ሆድ ውስጥ ማግኔቶቹ ይፈላለጋሉ። አንጀቱን መሐል አድርገው ይጣበቃሉ። የተቆነጠጠው አንጀት ደም አጥቶ ይበሳል። ልጁ መጀመሪያ ምንም ላይሰማው፣ ወይም ሆዱን ቁርጠት ብቻ ሊያመው ይችላል። «በሰገራ ይወጣለታል» ብለን አንጠብቅ። ወዲያው ሐኪም ቤት እንውሰደው፤ ማግኔት መዋጡንም እንናገር።

ልብን የሚያግዝ መሣሪያ በደረቱ የተቀበረለት ሰው ካለም ማግኔቱን አናስጠጋበት።

ማስቀመጫው ክዳን ያለው ጣሳ ይሁን። በማግኔቶቹ መካከል እንጨት ወይም ወፍራም ካርቶን እናድርግ። ከምድጃ እናርቀው፤ ማግኔት ሲግል ኃይሉን ያጣልና። ጣሳውን ልጅ የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ እናውጣው። በላዩም በትልልቅ ፊደል «ማግኔት፤ ልጆች አይንኩ» ብለን እንጻፍበት።