የአገር ልጅ እና የዶርም ልጅ

ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች። ምደባው በወጣ ዕለት ማታ እናቴ ከነፋስ መውጫ ደወለችልኝ። የትምህርት ክፍሉንም ሆነ የአየሩን ጠባይ አልጠየቀችም። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «እዚያ የእኛ አገር ልጆች አሉ?» የሚል ነበር።

ልጅ ወደ ግቢ የላካችሁ ወላጆች ይህን ጥያቄ ታውቁታላችሁ። እኔ ግን «አሉ» ብዬ በአንድ ቃል መመለስ አቃተኝ። ለምን እንደሆነ ላጫውታችሁ።

ፍሬሽ ሆኜ ስሄድ የደረሰኝ ግቢ ከቤት እጅግ የራቀ ነበር። ደብረ ታቦርን፣ ባሕር ዳርን፣ አዲስ አበባን አልፌ፣ በአውቶቡስ ተንገላትቼ በሩ ላይ ስቆም ከሻንጣዬና ከበሶ ከረጢቴ በቀር የማውቀው ነገር አልነበረም። አንድ ሲኒየር ጠጋ ብሎ «ከየት ነሽ?» አለኝ። «ከጋይንት።» «እኔ የእስቴ ልጅ ነኝ! የአገሬ ልጅ!» ብሎ ሻንጣዬን ተሸከመልኝ።

አገር ቤት ብንሆን ኖሮ የእስቴ ልጅ የጋይንቷን የአገሬ ልጅ አይላትም። ጋይንት ራሱ ላይ እና ታች ተብሎ ይለያል። ስማዳ ደግሞ «እኛ ሌላ ነን» ባይ ነው። አገር ግን ከቤት በራቁ ቁጥር ይሰፋል። ባሕር ማዶ የሄዱ ዘመዶቻችንማ ሐበሻ ያዩ እንደሆነ በሙሉ የአገሬ ልጅ ይላሉ።

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች በግቢው ውስጥ አንድ ቤተሰብ ነበርን። በየወሩ ትንሽ ትንሽ እናዋጣለን። የታመመ ይጠየቅበታል፤ መርዶ የመጣበት ልጅ ለትራንስፖርት ይሰጠዋል። እሁድ እሁድ ቡና ይፈላል፤ ከቤት የተላከው ዳቦ ቆሎ ይቀርባል። ሲኒየሮች ሀንዳውታቸውንና የድሮ ፈተናቸውን ያወርሱናል። ሒሳብን ያለፍኩት የስማዳ ልጅ ሌሊት እየተቀመጠ ስላስጠናኝ ነው። ዛሬ በማርኬቲንግ ሙያ እንጀራ ስበላ ያንን ልጅ ሳላመሰግን አልቀርም።

አሜሪካኖቹ ለዚህ ዓይነቱ ነገር የግሪክ ፊደል ስም የሚሰጧቸው ማኅበራት አሏቸው፤ የወንዶቹን «ፍራተርኒቲ»፣ የሴቶቹን «ሶሮሪቲ» ይሏቸዋል። ቀደምት የሚባለው ፋይ ቤታ ካፓ እ.ኤ.አ. በ1776 በቨርጂኒያ ዊሊያም ኤንድ ሜሪ ኮሌጅ ተመሠረተ። በዘር መድልዎ የተገለሉ ጥቁር ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1906 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አልፋ ፋይ አልፋን፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ደግሞ ሴቶቹ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አልፋ ካፓ አልፋን ያቋቋሙት እርስ በርስ ለመደጋገፍ ነበር። ጥላም አለው። በአንዳንዶቹ ማኅበራት አዲስ ገቢውን በመጠጥና በውርደት መፈተን የተማሪ ሕይወት እስከ ማጥፋት ደርሷል።

የእኛ ግቢ የማኅበር ቪላም ሆነ የመጠጥ ፈተና የለውም። ግቢ ጉባኤው፣ ጀመዓው፣ ፌሎሺፑ አለ፤ የአገር ልጆች ስብስብ አለ። ሁሉም ፍሬሽ በሚገባበት ሰሞን «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብለው ይቀበላሉ፤ ሻንጣ ይሸከማሉ፤ ዶርም ያሳያሉ። በሥራዬ ዓይን ሳየው፣ አዲስ ሰው በጨነቀው ሰዓት የደረሰለትን ዕድሜ ልኩን አይረሳም። ለዚህም ነው እነዚህ ስብስቦች ጠንካራ የሚሆኑት። ነገር ግን የአገር ልጆች ስብስብ የመግቢያ ፈተናው አንድ ጥያቄ ነው፦ ከየት ነህ? ያው ጥያቄ ሲከፋ ምን እንደሚያመጣ በ2012 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው በተነሳው ግጭት አይተናል። የተማሪ ሕይወት ጠፍቷል፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል።

የእኔ ታሪክ ከዚያ ሁሉ ያነሰ ነው፤ ግን የራሴ ነው። ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነበርን። ከእኔ አልጋ በላይ የምትተኛው ልጅ ከሌላ ክልል የመጣች፣ አማርኛ እምብዛም የማትችል፣ ዝምተኛ ነበረች። በግቢው የአገሯ ልጅ አልነበረም። እኔ ማታ ማታ ከልጆቻችን ጋር ነኝ፤ እሁድ ቡና ላይ ነኝ። ለእንቅልፍ ብቻ እገባለሁ። «ደህና አደርሽ?» «ደህና» ነው ጨዋታችን።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ሲለጠፍ ልጅቷ ነጥቧ አልሞላም። ሻንጣዋን ስታዘጋጅ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ምን እንደምላት ጠፍቶኝ ነበር። ሀንዳውት ማባዣ ገንዘብ አጥታ ግማሹን ኮርስ ከደብተሯ ብቻ እንዳጠናች ያን ቀን ነገረችኝ። ትራሴ ሥር የአንዱ ኮርስ ሀንዳውት ሦስት ኮፒ ነበረኝ። ሦስት ሲኒየሮች ሰጥተውኝ! «ለምን አልጠየቅሽኝም?» አልኳት። «ሁልጊዜ ከአገርሽ ልጆች ጋር ነበርሽ። መቼ ልጠይቅሽ?» አለችኝ። ሸኘኋት። ከዚያ በኋላ አላገኘኋትም።

ሁለተኛ ዓመት ላይ በስብሰባችን አንድ ሐሳብ አቀረብኩ፤ እያንዳንዳችን እሁድ ቡና ላይ የዶርም ጓደኛችንን ይዘን እንምጣ። ክርክር ተነሳ። «መዋጮው ለራሳችንም አይበቃም» ያሉ ነበሩ፤ ልክ ናቸው። የረታን ያ የእስቴ ልጅ ነው። «አገራችን ጽዋ ሲጠጣ በር ላይ የቆመ እንግዳ ይመለሳል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ማንም መልስ አልነበረውም። መዋጮው አላደገም፤ ዳቦ ቆሎው ግን ቶሎ ያልቅ ጀመር።

ስለዚህ ዘንድሮ ልጅ ለምትሸኙ ወላጆች የምለው አጭር ነው። የአገር ልጆች ይፈለጉ፤ በእንግዳ ምድር መጠጊያ ናቸውና። ልጃችሁ ስትደውል ግን ስለ ዶርም ጓደኞቿም ጠይቁ። ስማቸው ማን ነው? ከየት መጡ? ምን ያስቸግራቸዋል? ካላወቀች እንድታውቅ ይገፋፋታል። ብቻዋን የምትውል ልጅ ካለች ደግሞ የመጀመሪያዋ ጠያቂ የእናንተ ልጅ ትሁን።

ለእናቴም ይህንኑ ነገርኳት። «አዎ እማዬ፣ የእኛ አገር ልጆች አይጠፉም። ዶርሟ ውስጥም አብረዋት የሚኖሩ ልጆች አሉ።»

ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም «ስንት ይሆናሉ በአንድ ክፍል?» አለችኝ።

«እኛ ስድስት ነበርን።»

«እንግዲያ ይሄ በሶ አይበቃም» ብላ ስልኩን ዘጋችው።